ሰፌዷ አየር ላይ ሳለች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የቡራዩ ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ የተረከብኩትን ዕቃ ከመዝገብ እያነበበ አንድ በአንድ ተቀበለኝ። ኳስ፣ ፊሽካ፣ የመረብ ገመድ፣ ሁለት የዝላይ ምሰሶ። በመጨረሻ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ሰፌድ አየና «ይቺስ የመንግሥት ናት?» አለኝ። «የኔ ናት» አልኩት። «ጋሼ ንጋቱ፣ ሰፌድ ለስፖርት መምህር ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩና ጠቅልዬ በብብቴ ይዣት ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልመለስኩለትን ለመመለስ ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሌላው መምህር ልጆች ሲሮጡ አይቶ ደስ ይለዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ የሚያደናቅፋቸው ድንጋይ ነው። ባለቤቴ አስካለ «አንተኮ ደመና ሳይመጣ ጥላ የምትዘረጋ ሰው ነህ» ትለኛለች። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ግን ስፈራ የኖርኩት ለሰው እናቶች ልጆች ነው። የሚያሳፍረኝም መፍራቴ አይደለም፤ መፍራት በሚገባኝ ቦታ ደፍሬ፣ መድፈር በሚገባኝ ቦታ የፈራሁበት አንድ ቀን አለ።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሰውነት ማጎልመሻ እንዳስተምር ተመደብኩ። ደመወዙ ለአንድ ወንደላጤ ይበቃ ነበር። አለቃዬ ባሻ ደምሴ ይባላሉ፤ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ወታደር ስለነበሩ ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ልጅ ሊጠሩ ሲፈልጉ አጠገቡ ድረስ ሄደው ነው የሚጠሩት።

ያን ዓመት አንድ የውጭ አገር ወጣት የሳይንስ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ቢጫ የፕላስቲክ በራሪ ሰሃን ለባሻ ትቶላቸው ሄደ። ባሻ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ከእኔ ጋር ሲወረውሩ ሰነበቱና «ይቺ ለትንንሾቹ ትሆናለች፤ ኳስ ጉልበተኛውን ይወዳል፣ ይቺ ግን የምትወደው የተረጋጋውን ነው» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ልጃቸው ቤት ውስጥ የቆርቆሮ ሰሃን ወርውራ ምጣዱን ሰብራለች። «ባሻ፣ ማዕድ የሚቀርብበት ዕቃ ይወረወራል እንዴ? ይህ ነው ትምህርቱ?» አሏቸው። ባሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልክ ነዎት፣ እመቤቴ። ስሟን ያበላሸነው እኛ ነን» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃን የሚለው ቃል በሜዳው ላይ ተከለከለ፤ ስሟ «በራሪ» ሆነ። ልጆቹም ሲሳሳቱ እርስ በርሳቸው ይቆጣጠሩ ነበር።

ባሻ ሦስት ልማድ ነበራቸው። የመጀመሪያው፣ ልጅ የሚይዘውን ማንኛውንም ዕቃ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ሳይዳስሱ አይሰጡም። «መጀመሪያ አንተን ይቁረጥህ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ሲገቡም ሲወጡም አናታቸውን እየነኩ ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። አንድ ነገር አየር ላይ ካለ በሜዳው ላይ ማንም አይናገርም፤ እሳቸውም ቢሆኑ። ሰበታ ዓይነ ስውራን የሚማሩባት ከተማ ናት። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ጓደኛቸው ትከሻ ላይ አድርገው በአጥራችን በኩል ሲያልፉ ባሻ በራሪዋን ይሰበስቧትና ሰልፉ እስኪያልፍ ይዘዋት ይቆማሉ። «ልጅ ንጋቱ፣ በራሪዋን የሚይዘው እጅ አይደለም፣ ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ድምፅ ወደ ሰማበት ይዞራል። ስለዚህ አየር ላይ ነገር ካለ አፍ ይዘጋል» አሉኝ አንድ ቀን።

አስተማመሩን ከእሳቸው ነው የወረስኩት። ልጅ መጀመሪያ አይወረውርም፤ መሬት ላይ እንደ ጎማ ያንከባልላል፣ ጓደኛውም ተቀምጦ ይይዛል። ለመወርወር አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሥር፣ አንጓው ወደ ሆድ ይታጠፋል። መልቀቁን ለማስተማር ቧንቧው ዘንድ ወስደን እጃቸውን እናስነክራቸውና ውሃውን እንዲያራግፉ እናደርጋለን፤ ያቺ የመጨረሻዋ የእጅ ማራገፍ ናት በራሪዋን የምታሽከረክራት። ለመያዝ ደግሞ አንድ መዳፍ ከላይ አንድ ከታች ሆኖ ደረት ፊት ማጨብጨብ ነው። ስለዚህ ወርዋሪው ሁልጊዜ የሚያነጣጥረው ደረት ላይ ነው። ደረት ላይ። ይቺን ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ ሳልላት አልቀርም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሱሉልታ ተዛወርኩ። ባሻ ቢጫዋን በራሪ መርቀው ሰጡኝ፤ በሁለተኛው ወር የጎረቤት ውሻ አኝኮ ጨረሳት። ያኔ የተማሪ እናቶች በወስፌ ትንንሽ ሰፌዶች ሰፉልን፤ ጠርዛቸው ለስላሳ፣ ቢመቱ የማይጎዱ። መሐላቸውን በቀለም አክርማ ክብ አስደረግኩት፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። ይህ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ትንሽ ልኩራበት። ትንሽ ልጅ በራሪ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። ከመያዙ በፊት የመሐሉን ቀለም ጮክ ብሎ እንዲናገር ካዘዝከው ግን መጨፈን አይችልም። ከባሻ ሕግ ያፈነገጥኩት በዚህ ብቻ ነው፤ ከያዡ በስተቀር ማንም አይናገርም።

ሱሉልታ ሜዳው የድርቆሽ አገር ነው፤ ነፋሱ አያርፍም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የበራሪዋን የፊት ጠርዝ ዝቅ ማድረግን ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ከነፋሱ ተማሩት። ብዙዎቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆኑ «ኢላሊ!» እላለሁ፣ ተመልከቺ ለማለት፤ «ቀቢ!» እላለሁ፣ ያዢ ለማለት። ዲሬክተራችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። ልጆቹ ግን ይይዙ ነበር።

ከሁሉም የምትይዘው ጫልቱ ናት። የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አባቷ ኦቦ በዳዳ ወተትና ድርቆሽ አዲስ አበባ የሚያወርዱ ገበሬ ናቸው። ጫልቱ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም፤ ቀለሙን የምትጠራው ሌላው ልጅ በራሪዋን ገና ሳያያት ነው።

በኅዳር የአውራጃው ትምህርት ሹም ሊጎበኙን ነው ተባለ። ዲሬክተሩ እንቅልፍ አጡ። ሰፌዶቹን አይተው «እንግዳ ፊት የገበያ ዕቃ ይዘን አንቀርብም። የሚያብረቀርቅ ነገር አሠራ» አሉኝ። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ስድስት በራሪ አሠራሁ፤ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። አምስቱ ደህና ናቸው። ስድስተኛው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ሾጠጥ ያለች ነገር አለችው። በድንጋይ ጠፈጠፍኳት፣ እንደገና ዳሰስኩ፣ የጠፋች መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው።

ለሁለት ሳምንት ደግሞ ልጆቹን እጅ መንሣት አለማመድኳቸው። ዲሬክተሩ «እጅ ንሡ!» ሲሉ በእጃቸው የያዙትን ትተው በአንድ ጊዜ ለጥ ማለት አለባቸው። በዚህም ከሁሉ ፈጣኗ ጫልቱ ነበረች። እንግዲህ ሁለት ትእዛዝ አስተማርኩ፤ አንዱ ቀና ብለሽ እይ፣ ሌላው ዝቅ በይ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቅጽበት እንዳለ ታይቶኝ ነበር። እኔ የማይታየኝ አደጋ የለማ! በዕለቱ ጠዋት ለዲሬክተሩ «ጌታዬ፣ በራሪ አየር ላይ ሳለ ትእዛዝ እንዳይሰጡ» ልላቸው በራቸው ድረስ ሄድኩ። ሱፋቸውን ለብሰው ላብ በላብ ሆነው ከረባታቸውን ያስራሉ። «ምንድን ነው?» አሉኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ምንም፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል» አልኳቸው።

እንግዳው በአራት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ልምምድ እያደረግን ነበር። በእጄ ያለው ስድስተኛው ነው። ወደ ጫልቱ ወረወርኩ፤ ደረቷ ላይ፣ ልክ እንዳስተማርኩት። በራሪዋ ከእጄ እንደወጣች መኪናው በበሩ ገባ፤ ዲሬክተሩም ከኋላዬ «እጅ ንሡ!» ብለው ጮኹ። ጫልቱ ታዘዘች። ደረቷ በነበረበት ቦታ ፊቷ መጣ።

አልጮኸችም። እንዳጎነበሰች ቆየችና ሁለት እጇን ግራ ዓይኗ ላይ አደረገች። በጣቶቿ መሐል ደም ሲወርድ እያየሁ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሮጠው ያነሷት እንግዳው ናቸው። በራሳቸው መኪና፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት አዲስ አበባ ሆስፒታል ወረድን። መንገዱን ሁሉ «ጋሼ፣ ያዝኳት?» ትለኝ ነበር።

ኦቦ በዳዳ በድርቆሽ መኪና ተሳፍረው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጋቢያቸው ላይ ድርቆሽ ተሰክቷል። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲመቱኝም ፈልጌ ነበር።

«አካም፣ መምህር» አሉኝና ተቀመጡ። ሰላምታ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሰላምታ አላስቀሩብኝም። ቆይተው «ማነው የወረወረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ በዳዳ።»

«አላየችም?»

«ታይ ነበር። እጅ ንሡ ሲባል አጎነበሰች።»

«አጎንብሺ ብሎ ያስተማራትስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«ዋቃቱ ቤካ፤ እግዜር ያውቃል» አሉና ወደ ልጃቸው ገቡ።

ዘጠኝ ቀን በየቀኑ ወረድኩ። በዘጠነኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ ደህነኛውን ዓይኗን ሸፍኖ ሁለት ጣት አነሣና «ስንት ነው?» አላት። ጫልቱ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችና «መስኮቱ» አለች። ሐኪሙ እጁን አወረደ። በግራ ዓይኗ ከዚያ በኋላ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የለየችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። እኔ የፈራሁት ግን የደረሰው በእኔ ሳይሆን በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ነው።

ማስተማር ልተው ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ሳላስገባው ኦቦ በዳዳ ቤቴ መጡ። ጫልቱ እንጀራ ሲጎርሷት እንኳ እጅ ሲመጣባት ትደነግጣለች፤ ላሞቹ በግራዋ ሲያልፉ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች አሉኝ። «ዓይኗን መልስ አልልህም፣ አትችልም። ግን ላም ቀንድ አለው፣ አጥር እሾህ አለው፣ ገበያ ግፊያ አለው። አንድ ዓይን ያለው ሰው ከፈራ አለቀለት። ያስፈራሃት አንተ ነህ። ፍርሃቱን አውጣላት።»

«ኦቦ በዳዳ፣ እኔ ራሴ ፈሪ ነኝኮ። አንቱ እኔን አምነው ልጅዎን ይሰጡኛል?»

«ያልፈራ መቼ ተጠነቀቀ? ሰጠሁህ አልኩ፣ ሰጠሁህ» አሉ።

ቆርቆሮዎቹን በሙሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ከዚያ ግራ ዓይኔን በመሐረብ አስሬ ጓሮ ቆምኩና አስካለን ሰፌድ እንድትወረውርልኝ ለመንኳት። የመጀመሪያዎቹን አገጬ ላይ ነው የያዝኳቸው። አስካለ ስትስቅ ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ግን የጫልቱን ዓለም ያየሁት ያኔ ነው። በአንድ ዓይን ሲታይ በራሪዋ መቅረቧና መራቋ አይለይም፤ ድንገት ናት የምትደርሰው። በወሩ መጨረሻ ሦስት ነገር አገኘሁ። ፊትን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር፣ ደህነኛው ዓይን መሐል እንዲሆን። ራስን በቀስታ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፤ ያኔ የቀረበው ነገር ከራቀው ይልቅ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው፣ የመሐሉን ክብ ማየት፤ ቀለሙ እንጎቻ ሲያክል መዳፍህን ክፈት፣ እንጀራ ሲያክል ግጠም።

ከጫልቱ ጋር ከማንከባለል ጀመርን፤ ተቀምጣ። ዓይኗን ትጨፍናለች። ቀለሙን ጥሪ ስላት አንድ ጊዜ «አላየሁትም» ብላ አለቀሰች። እኔም ዞር ብዬ አለቀስኩ። በየካቲት በሦስት እርምጃ ርቀት ከአሥር ሁለት ያዘች። በግንቦት ስድስት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር እዚያው ልቁም ያሰኘኛል፤ እሷ ግን «አሁንም ይራቁ» ማለት ጀመረች።

ለክፍሉ በሙሉ አዲስ ሕግ አወጣሁ። አየር ላይ ያለ ነገር እጅ እስኪገባ ድረስ ማንም ቢመጣ፣ ማንም ቢጠራ፣ ዓይን ከበራሪዋ አይነሣም። ጫልቱ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ጃንሆይም ቢመጡ?» አለች። ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። መስኮቱን አየሁ፣ በሩን አየሁ። «ጃንሆይም ቢመጡ» አልኩ።

በሳምንቱ ዲሬክተሩ ጠሩኝ። በሩን ዘጉ። «ለንጉሥ እጅ አትንሡ ብሏል እየተባለ ነው። የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑን ታውቃለህ?»

«እጅ አትንሡ አላልኩም፣ ጌታዬ። ይዛችሁ ንሡ ነው ያልኩት።»

«ይህን ልዩነት ለሚጠይቅህ ሰው ትነግረዋለህ» አሉኝ። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ያ ቀን እሳቸውንም አልለቀቃቸውም፤ ስለዚያ ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ጀመር። አስካለ አንድ ሻንጣ አዘጋጅታ ከአልጋው ሥር አስቀመጠች።

በዓመቱ ሹሙ ሳይነገር መጡ። አሁን ሦስተኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ጋር ሜዳው ላይ ነን፤ ሰፌዶቻችንን ይዘን። ጫልቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ከአሥር አልፈን አናውቅም። ነፋሱ ከፊቴ ነው። የፊቱን ጠርዝ ዝቅ አድርጌ ለቀቅኳት፤ ባለ ቀዩዋን። መኪናው ገባ። ከኋላዬ የሚሮጥ ኮቴ፣ ከዚያም «እጅ ንሡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባለፈው ዓመት የሰማሁት ድምፅ፣ በዚያው ቦታ።

አርባ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድም አናት ዝቅ አላለም። አርባው ፊት ሰፌዷን ይከተላል። ነፋሱ አነሣትና ወደ ግራ፣ ወደማታይበት በኩል ወሰዳት። ጫልቱ ፊቷን አዞረች፣ ራሷን ወዘወዘች፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች። «ቀይ» አለች፤ መዳፏም ገጠመ። ከዚያ ሰፌዷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ለጥ ብላ እጅ ነሣች፤ ልጆቹም ሁሉ ተከትለዋት አጎነበሱ።

ሹሙ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ጠባሳዋን አይተው ያወቋት ይመስለኛል። ወደ ዲሬክተሩ ዞረው «ለምን ዘገዩ?» አሉ። ዲሬክተሩ ወደ እኔ አዩ። ሻንጣው ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት አፌ ላይ ደርሳ የተመለሰችው ቃል ተመልሳ መጣች።

«ክቡር ሆይ፣ ሰፌዷ አየር ላይ ነበረች» አልኩ።

ሹሙ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ክፍሎቹ ሄዱ። በወሩ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ቡራዩ እንድዛወር የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ቅጣት ይሁን ምሕረት ዛሬም አላውቅም። ሻንጣው ግን ለዚያ ጉዞ ጠቀመን።

ዕቃችንን የጫነልን ኦቦ በዳዳ ያመጡት የድርቆሽ መኪና ነው። አስካለ ገቢና ገባች፤ እኔ ከላይ ድርቆሹ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ከአባቷ ጎን ቆማ ሰፌዷን ይዛለች። መኪናው ሞተሩን ሲያስነሣ አንጓዋን ወደ ሆዷ አጠፈች። ያን ሁሉ ጊዜ ወርዋሪው እኔ፣ ያዡ እሷ ነበረች። ሰፌዷ በነፋሱ ላይ እየተሽከረከረች ወደ እኔ ስትመጣ፣ ማፈር የለብኝም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሼ፣ ቀለሙን ይናገሩ» አለችኝ።

ገለጥኩ። «ቀይ» አልኩና ያዝኳት።